እሳት የማይችል ሸክላ

እሁድ ጠዋት ገበየሁ ውሃ ሊጠጣ ጓዳ ሲገባ ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የውሃው ጋን ተከድኗል። የተከደነውም በእሱ ሸክላ ነው። ጥቁሩ፣ ክቡ፣ በመላው አሶሳ ሁለተኛ የሌለው የጃዝ ሸክላ፣ ተለክቶ እንደተሠራ ክዳን በጋኑ አፍ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎባታል፤ ክዳኑን ለማንሳት እንዲመች መሆኑ ነው። ከቆረቆንዳው አጠገብ የማንቆርቆሪያ ቂጥ የሚያህል ክብ ምልክት ታትሟል። ሽፋኑን ሲፈልግ ከከሰል ምድጃው ጎን አገኘው። ሥዕሉ ላይ ሳክስፎን በያዘው ሰውዬ ፊት አመድ ተነስንሷል፤ አንዱ ጥግ ለእጅ እንዲመች ታጥፏል። ማራገቢያ ሆኖ ውሏል።

ሸክላውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ቆረቆንዳውን ነቅሎ፣ በስተውስጥ ያዘለውን ጤዛ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። አልተሰነጠቀም። ተመስገን ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኛው ግን አንድ ወገኑ ከፍ አለ። ከፍ ያለውን በጣቱ ሲጫነው ማዶው ተነሳ። ቢሮው ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ትዝ አለው። ክልሉ ሲመሠረት ከአዲስ አበባ ተጭነው ከመጡት ጠረጴዛዎች መካከል አራት እግሩ እኩል መሬት የሚነካ አልነበረም፤ ገበየሁ የአዲሶቹን ዞኖች ካርታ የሚነድፈው ከአንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ሰርኩላር እየወተፈ ነው። ዞኖቹ በየወሩ ወሰናቸው ስለሚቀየር ሰርኩላር አይቸግርም። ለተጣመመ ሸክላ ግን ምን ይወተፍለታል?

ኢልሊ ከመጋረጃው ጀርባ ነጭ ጋዋኗን ትለብስ ነበር። ስምንተኛ ወሯ ስለሆነ ከመሃል ያሉት ሁለት ቁልፎች ከቀዳዳቸው ጋር መገናኘት ካቆሙ ሰንብተዋል። እሁድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነች። ባሏ ሸክላውን ይዞ ሲገባ፣ ምልክቱንም ቆረቆንዳውንም ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የደነገጠች መስሎት ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች መሆኑ ገባው።

«ዓርብ ዕለት ‹ይቺ ጥቁር ነገር ምንድን ናት?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች በሹክሹክታ። «‹ሸክላ ነው› አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?»

ስሙ ሸክላ ነው። ሸክላ ነው የተባሉትን ነገር ከሸክላ ዕቃ ጋር ያስቀመጡ ሴት በምን ይወቀሳሉ? የጋኑ የእንጨት ክዳን ከተሰነጠቀም ወር አልፎታል፤ ነገ እገዛለሁ፣ ነገ እገዛለሁ ሲል የከረመውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ትናንት ቀኑን ሙሉ መስክ ውሎ ደክሞት ስለመጣ ሸክላው ከሳጥኑ ላይ መነሳቱን እንኳ አላየም። የኢልሊ እናት በዚህ ሰዓት ውጭ ማንጎው ሥር የወደቀውን ቅጠል እየጠረጉ ነበር፤ የመጥረጊያው ድምፅ በቀርከሃው ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ከባምባሲ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የመጡት።

«እንዳትነግራት» አለች ኢልሊ። «ሰው ቤት መጥቼ ንብረት አበላሸሁ ካለች ነገ ጠዋት ባምባሲ መኪና ላይ ናት። እህቴ ቤት አንድ ብርጭቆ ብትሰብር በነጋታው ነው የሄደችው፤ ለምነን ለምነን እንቢ ብላ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን...» አልጨረሰችውም። ሳቋ ጠፍቶ ነበር። ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች «ዛሬ እናቴን ይዘሃት ሂድ» አለችው።

«የት? መምህር ሙሉጌታ ቤት?»

«አዎ። ብቻዋን ስትውል ነው ክዳን የምትፈልገው።»

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ከቀትር በኋላ መምህር ሙሉጌታ ቤት ሸክላ ይሰማል። መምህር ሙሉጌታ ከጎጃም ተመድበው መጥተው አሶሳ ላይ የሸበቱ የፊዚክስ አስተማሪ ሲሆኑ፣ የሸክላ ማጫወቻው የእሳቸው ነው። የከተማው ጀነሬተር ቀን ቀን ስለማይነሳ ማጫወቻው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ ባትሪው የሙርሳል ነው። ሙርሳል የበርታ ነጋዴ ነው፤ ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ ሸቀጥ ሲያመጣ በሳሙና ካርቶኖች መሃል የሱዳን ሸክላዎች ሸጉጦ ይመጣል። ሦስተኛዋ ሸዋሉል የክልሉ ቢሮ ታይፒስት ናት፤ ከወንድሟ የወረሰቻቸው አሥራ አንድ ሸክላዎች አሏት፣ ደብተሩንም የምትይዘው እሷ ናት። ደብተሩ ላይ የአባላቱ ስምና ደንቡ ተጽፏል። ሸክላ ሲዞር አይወራም። ሲያልቅ ሸክላውን ካመጣው በቀር ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር መናገር አለበት፤ «ጥሩ ነው» ማለት እንደ ንግግር አይቆጠርም። ሸክላ ያበላሸ ሰው አባል አይሆንም። አባል ለመሆን ሌሎቹ የሌላቸውን አንድ ሸክላ ማሰማት ያስፈልጋል፤ አዲስ አባል የሆነ ሰው ደግሞ ማጫወቻውን ለሁለት ሳምንት ቤቱ ይወስዳል።

ገበየሁ የፈለገው ይህን ነው። ሦስት ወር ሙሉ በእንግድነት ግድግዳ ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ሸክላ ሲሰማ የከረመው ለዚህ ነው። ሸክላ አለው፣ ማጫወቻ የለውም። ያንን ሸክላ በሕይወቱ የሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ሲገዛው፣ ባለሱቁ «ይሠራል፣ ስማው» ብሎ ሲያስሰማው። ከዚያ ወዲህ ሸክላው ከሳጥኑ በላይ፣ ዘፈኑ ከገበየሁ ጭንቅላት ውስጥ ኖረዋል። ካርታ ሲነድፍ ያፏጨዋል። ኢልሊ ራሷ ሸክላውን ሰምታው ሳታውቅ ከባሏ አፍ ተምራው ሕመምተኛ ስታስተናግድ ታንጎራጉረዋለች። ዛሬ ተራው ነበር። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሰማው ነበር።

ከምሳ በኋላ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲወጣ የኢልሊ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ጠበቁት። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ባምባሲ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሠላሳ ዓመት የመዘምራኑን ድምፅ ሲመሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋሉ፤ ገበየሁ ሁለት ሳምንት «አንቺ» ሲባል ከርሞ ለምዶታል። በጋዜጣው ቅርጽ ምን እንደያዘ አወቁ።

«ክዳኗን የት ትወስጃለሽ?»

«ሰዎች... ሊሰሙት ነው» አለ።

«ክዳን ትሰሚያለሽ?» ብለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው፣ ገበያ ላይ ድስት እንደሚገዛ ሰው፣ ሸክላውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ ታየ። «ይቺ በደንብ አልተተኮሰችም» አሉ። «ስንት ገዛሻት?»

ስልሳ ብር አላለም። ዋጋውን ከኢልሊም ደብቆታል። እሳቸውም አልጠበቁትም፤ ሴት ባዶ እጇን ስትሄድ ወንድ ሸክላ ተሸክሞ መታየቱ ለሰው ወሬ ነው ብለው ከእጁ ተቀበሉትና ነጠላቸውን አጣጥፈው በአናታቸው ላይ አስቀመጡት። ገበየሁ ቢወድቅ ሊቀልበው እጁን ዘረጋ። ሸክላው አናታቸው ላይ ውልፍት አላለም። ጎድጎድ ያለው ወገን በልኩ የተሠራ ይመስል ነበር።

መንገዱን ዝም ብለው ነው የሄዱት። አማችና አማት ምን ያወራሉ? ፀሐዩ ከላይ፣ ቀዩ አቧራ ከታች ይጋረፋል። ከቀርከሃ አጥሮች ሥር ሰዎች ጥላ እየተከተሉ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የኢልሊ እናት ፊታቸውን ሳያዞሩ «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁት። «ዘፈኗ።» አንድ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ገበየሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጃዝ ነው!» አላቸው። ይህን እንዳለ ከጎናቸው ካለው ግቢ ኮሮጆ የሚያህል ቡናማ ውሻ እየጮኸ ተወርውሮ ወጣ። ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ማንን እንዲነክስ እንደተላከ ግራ የገባው ይመስላል። የኢልሊ እናት ሸክላውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ድንጋይ አንስተው አባረሩትና ገበየሁን ትክ ብለው አዩት። «እኔን ጃዝ ትይብኛለሽ?» አሉት። ቀልድ ይሁን ቁጣ ለማወቅ ፊታቸውን ቢያይ አላገኘም። እስከ መምህር ሙሉጌታ በር ድረስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ተከተላቸው።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ሸክላዎቹ መስኮቱ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ጎን ለጎን እንደ መጻሕፍት ቆመዋል፤ በላያቸው እርጥብ ጨርቅ የሸፈነው ጋዜጣ ተዘርግቷል፣ ሙቀቱን ለመከላከል። መምህር ሙሉጌታ ሸክላ ላይ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ በየጊዜው ይናገራሉ። ሙርሳል ባትሪውን በሁለት ሽቦ ከማጫወቻው ጋር እያገናኘ ነበር። ሸዋሉል ቀዩን የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ እየቀዳች ነው። አማቱን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ፣ ወንበር ተለቀቀ። «አማቴ ናቸው» አለ ገበየሁ። ሙርሳል ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ «አህለን፣ ሐጃ» አላቸው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ ለሙርሳል ሐጃ ናት፣ ጴንጤም ትሁን ኦርቶዶክስ። የኢልሊ እናት ከርከዴውን ቀምሰው ስኳር ጨመሩበት። ደግመው ቀምሰው ደግመው ጨመሩ።

«እንግዲህ ገበየሁ» አሉ መምህር ሙሉጌታ። «ስለ ሸክላው ጥቂት ንገረን።»

«ፒያሳ ነው የገዛሁት» አለ ገበየሁ ጉልበቶቹን እያየ። «አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በጭንቅላቴ ነው የምሰማው።»

«ጭንቅላትህ በስንት ዙር ነው የሚዞረው?» አለች ሸዋሉል። «በሠላሳ ሦስት ነው በአርባ አምስት?»

ሙርሳል በሳቅ ፈነዳ። ገበየሁም ፈገግ አለ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ሸክላውን ራሱ ላስቀምጠው ብሎ ለመነ፤ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ፣ በትከሻው ጋርዶ አስቀመጠው። መርፌውን አሳረፈ። መምህር ሙሉጌታ እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በመጀመሪያ ከበሮ ተሰማ፤ በመጥረጊያ የሚመታ ቀስ ያለ ከበሮ። ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ። ሳክስፎኑ አንድ ዳገት ወጣ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጠነ፣ ከዚያ እየወፈረ ቁልቁል ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ከመንዲ አሶሳ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የሚነፋ ሰው ይመስል ነበር። መርፌው በተጣመመው ሸክላ ላይ ወገቡን እየሰበቀ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከናካቴው ለቆ ዘሎ ራቅ ብሎ ያርፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ገበየሁ ዜማውን ለየው። እዚያው ነበር። ሁለት ዓመት ሲያፏጨው የኖረው ዜማ ጎርፍ እንደያዘው ሰው አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል። ብቅ ባለ ቁጥር ገበየሁ በሆዱ ተቀበለው። ሲያልቅ መርፌው ብቻ ከመሃሉ ወረቀት ጋር ሲታሽ ይሰማል። አሁን ይታወቃል፣ አሁን ይሉኛል ብሎ ጠበቀ።

መምህር ሙሉጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሡ። «ይኼ» አሉ፣ «ይኼ ነው ጃዝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስታዳምጡ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ኖታውን አይነካውም። ይዞረዋል። ከላይ ይመጣበታል፣ ከታች ይመጣበታል፣ ያስጠጋዋል፣ ይሸሸዋል። ጆሮው ያልለመደ ሰው የተሳሳተ ይመስለዋል። ሆን ብሎ ነው! እንዲህ ለመንገዳገድ ሃያ ዓመት መለማመድ ይጠይቃል።»

«ወላሂ፣ ያ ኡስታዝ» አለ ሙርሳል፣ «ኻርቱም ብዙ ጃዝ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሰክራ የምትነፋ ሰውዬ አልሰማሁም። ግን ቆንጆ ሰክራለች።»

«እኔን አጥወለወለኝ» አለች ሸዋሉል።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አላት ሙርሳል።

«እሱን አልተጠየቅኩም። አንድ ነገር ተናገሩ ነው የሚለው ደንቡ፣ ተናገርኩ።»

መምህር ሙሉጌታ ሳቁና «ስሙን ጻፊ» አሏት። ሸዋሉል ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ከፍታ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ነቀለች። ገበየሁ ፊቱ ጋለ። አንድ ቃል ካልተናገረ ሁሉም ነገር ተፈጸመ። ማጫወቻው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል፤ ኢልሊ ከሥራ ስትመለስ የምታንጎራጉረውን ዘፈን ታገኘዋለች፣ ያለ ደንብና ያለ ንግግር። ሸክላውንም ማንም ሳያይ ማታውኑ ትራስ ሥር አድርጎ ሊያቃናው ይሞክራል። መናገር አለብኝ ብሎ አሰበ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን ሊመጣለት አልቻለም። ደግሞስ እንዴት ተጣመመ ሲሉት ምን ሊል ነው? እሳቸው እዚሁ ተቀምጠዋል።

«ሐጃ አልተናገረችም» አለ ሙርሳል።

እውነት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነው ደንቡ። ሁሉም ወደ ኢልሊ እናት ዞሩ። እሳቸው ብርጭቆውን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን እጃቸው ላይ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱን ዘማሪ ከሌላው እንደሚለዩ ሁሉ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።

«ሰውዬው ጎበዝ ናት» አሉ። «ቀጥ ብላ ነው የምትዘምረው። አትሳሳትም። መሬቱ ነው። የቆመችበት መሬት ትነቃነቃለች።»

መምህር ሙሉጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። ከወንበራቸው ተነሥተው ማጫወቻው ፊት ተንበረከኩና ጉንጫቸውን ከሸክላው ጋር እኩል አደረጉ፤ ሸክላው አሁንም ይዞራል፣ ጠርዙ እንደ ጀልባ ይነሣል፣ ይወድቃል። ረጅም ጊዜ አዩት። አንገታቸው ከኋላ እየቀላ ሲሄድ ሸዋሉል አይታ ፊቷን በደብተሩ ጋረደች።

«ሙቀት ነው» አሉ ቆይተው፣ እንደተንበረከኩ። «ማን ነው ሙቀት ላይ ያስቀመጠው?»

«እኔ» አለ ገበየሁ። «ፀሐይ ላይ ረስቼው።» እንዲህ ቶሎ ከአፉ ይወጣል ብሎ አላሰበም። በሦስት ወር ውስጥ በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ውሸት ነበር። መምህር ሙሉጌታ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ሸዋሉልን አዩ። ደንቡ ግልጽ ነው። ሸዋሉል ፊቷ ላይ ሳቁ ጠፍቶ እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ከደነች።

«ፀሐይ የት አገኘሻት?» አሉ የኢልሊ እናት።

ገበየሁ የሚዞረውን ሸክላ ሊያቆም ጎንበስ አለ።

«ትናንት አንቺ መስክ ነበርሽ። ክዳኗ ጋን ላይ ነበረች። ጓዳ ውስጥ ፀሐይ የለም።» ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። እያሰቡ ነበር፤ ሐሳቡ የት ሊያደርሳቸው እንደሆነ ገበየሁ አስቀድሞ ስላወቀ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ማንቆርቆሪያዋ» አሉ። «ትኩስ ነበረች። እኔ አስቀመጥኩባት።» ከዚያ ሁሉንም በየተራ እያዩ፣ ልክ ሰዎቹ እንዲፈርዱላቸው እንደሚለምኑ ሆነው «ሸክላ ናት ተባልኩ!» አሉ። «ሸክላ እሳት ትችላለች። እሳት የማትችል ሸክላ የት አገር ነው ያለችው?»

የፊዚክስ አስተማሪው ሊያስረዱ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉ። የኢልሊ እናት ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጋዜጣውን ከወለሉ አንስተው በአራት አጣጠፉት። «ሰው ቤት መጥቼ ዕቃ አጠፋሁ። ነገ ባምባሲ እገባለሁ» አሉ። ቁጣ የለበትም። የቆረጠ ሰው ድምፅ ነው። ገበየሁ ጠዋት ኢልሊ ያልጨረሰችው ዐረፍተ ነገር አሁን ታየው። ጋዋኗ ያልተቆለፈበት ቦታ ታየው።

«ጋሼ» አለ ተነሥቶ። ሁሉም አዩት፤ ገበየሁ ቆሞ ሲናገር አይተው አያውቁም። «የኔን ስም አትጻፉ። የሳቸውን ጻፉ።»

«የማንን?»

«የሰሙት እሳቸው ናቸው። እኛ አልሰማንም። እኔም አውቄ ዝም አልኩ።»

መምህር ሙሉጌታ ግንባራቸውን አሹ። ሃያ ዓመት መለማመድ ይጠይቃል ያሉት ነገር አሁንም ቤቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቢያንስ ራሳቸው ያዩት ይመስላል። «ሸክላ ያበላሸ አባል አይሆንም ይላል» አሉ።

«ሸክላ መሆኑን እያወቀ ያበላሸ ማለት ነው» አለች ሸዋሉል ደብተሩን ሳታይ። «እሳቸው የጋን ክዳን ነው ያበላሹት።» ቀጥላ፣ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ደረቅ አድርጋ፣ «አባል የሆነ ሰው ደግሞ ተራው ደርሶ ሸክላ ሳያሰማ ከተማውን ለቆ መሄድ አይችልም» አለች።

«እንዲህ የሚል አለ?» አለ ሙርሳል።

«አሁን እየጻፍኩት ነው።»

መምህር ሙሉጌታ ደብተሩ ላይ አጎንብሰው አዲሱን ደንብ አነበቡ፤ «ለቆ» የሚለውን ፊደል አስተካከሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለኢልሊ እናት ሙርሳል ግማሽ በአማርኛ፣ ግማሽ ገበያ ላይ በለመዳት ኦሮምኛ አስረዳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በስድስት ሳምንት ተራቸው እንደሚደርስ፣ እስከዚያ ማጫወቻው ለሁለት ሳምንት በእጃቸው እንደሚሆን፣ ደንብ ደንብ እንደሆነ። «ተፈርሟል?» ብለው ጠየቁ። መምህር ሙሉጌታ ፈረሙ። ተቀመጡ።

«ስማቸው ማን ይባላል?» አለች ሸዋሉል።

ገበየሁን ነበር የጠየቀችው። ገበየሁ ስማቸውን ያውቀዋል፤ በሠርጉ ዕለት ሲጠራ ሰምቷል። ግን በእነኢልሊ አገር አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «የኢልሊ እናት» እያለ፣ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ምንም ሳይል ኖሯል። ሸዋሉል እስክሪብቶዋን አንሥታ ትጠብቃለች። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ቡሴ» አሉ የኢልሊ እናት ከወንበራቸው። «ቡሴ ዳበሳ።» ከዚያም ወደ አማቻቸው ዘንበል ብለው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አትፍሪ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አሉት። ሙርሳል ከርከዴው ትን ብሎት በአፍንጫው ወጣ።

የተጣመመውን ሸክላ መምህር ሙሉጌታ በሁለት የመስኮት መስታወት መሃል አድርገው፣ በላዩ መዝገበ ቃላት ጭነው እንደሚያቃኑት፣ ማንቆርቆሪያ ያጣመመውንም የአሶሳ ፀሐይ ማቃናት እንደሚያውቅ ተናገሩ። ወ/ሮ ቡሴ ለሁለት ሳምንቱ የሚወስዱትን ሸክላ ራሳቸው መረጡ። ግድግዳው ጋ ሄደው አንድ በአንድ እየመዘዙ በጣታቸው አንጓ ሲያንኳኩ መምህር ሙሉጌታ ማየት አልቻሉም፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። የመረጡት ከሙርሳል የሱዳን ሸክላዎች አንዱን ነው። ይቺ ተተኩሳለች አሉ።

ፀሐዩ በርዶ ነበር። ወ/ሮ ቡሴ ሸክላቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ከፊት፣ ገበየሁ ማጫወቻውን ታቅፎ ከኋላ ተከተለ። ከባድ ነው፤ በየመቶ እርምጃው ጉልበቱን አንሥቶ ያስደግፈዋል። ሙርሳል ባትሪውን ነገ በመኪና ያመጣዋል። በልቡ ሁለት ነገር እኩል ተቀምጧል፤ ስሙ ደብተሩ ላይ አልገባም፣ ማጫወቻው ግን ቤቱ እየገባ ነው። መስማት ሲፈልግ ማስፈቀድ ሊኖርበት ነው። መገንጠያው ላይ ብስክሌት የሚጠግነው ኻሚስ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አየው።

«ገበየሁ! ቴፕ ገዛህ እንዴ?»

«የኔ አይደለም» አለ ገበየሁ እያለከለከ። «የእናቴ ነው።»

ወ/ሮ ቡሴ ቆሙ። ኻሚስ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ከመቀመጫው ተነሣና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። «እናትህ ከአዲስ አበባ መጥተው ነው? እንኳን ደህና መጡ። ይሰነብታሉ?»

ገበየሁ አፉን ሊከፍት ሲል ወ/ሮ ቡሴ ቀደሙት።

«እቆያለሁ» አሉ። «ተራዬ አልደረሰችም።»